በሲባጎ የታሰረው በር

ከኩራንጋ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው የሮይስ ዳንስታን እርሻ መግቢያ ላይ እሑድ ጠዋት ሁለት የሚታዩ ነገሮች ነበሩ። አንደኛው ራሱ ሮይስ ነው፤ ትላንት ለእርሻ ትርኢቱ የለበሰው ጥቁር ሱሪ ከጉልበቱ እስከ ጭኑ ተተርትሯል። ሁለተኛው በሩ ነው። በፀሐይ ኃይል የሚሠራ፣ በሪሞት የሚንሸራተት፣ አገሩ ሁሉ «ቤተ መንግሥቱ» እያለ የሚቀልድበት የብረት በር፣ በብርቱካናማ የድርቆሽ ማሰሪያ ሲባጎ ከምሰሶው ጋር ጥፍር ተደርጎ ታስሯል።

መርማሪ ሳጅን ብሮንዊን ታሎክ ከመኪናዋ ወርዳ ቀድማ ወደ ሲባጎው ሄደች። ቋጠሮው ያለው በመንገዱ በኩል ነው። የበሩን መቆለፊያ ማንም አልነካውም፤ ያሰረው ሰው ወጥቶ ነው ያሰረው።

«ጣቴን አላሳረፍኩበትም» አለ ሮይስ ከበሩ ወዲያ ቆሞ። «ትላንት አመሻሹ ላይ ስመለስ እንዲህ ሆኖ ጠበቀኝ። ሪሞቱን ስጫን ሞተሩ ይጮኻል፣ በሩ ንቅንቅ አይልም። ዘልዬ ገባሁ።»

«ሱሪዎ ነግሮናል» አለ ኮንስታብል ዴስ ፋሩጃ። ዴስ ከሲድኒ ተዛውሮ የመጣ፣ ጡረታው የተቃረበ፣ አቧራ ባየ ቁጥር የሚያስነጥስ ሰው ነው። ኩራንጋ ደግሞ ከአቧራ ሌላ የሚያሳየው ነገር የለም።

«እና ባሮን?» አለች ብሮንዊን።

ባሮን የሮይስ አውራ በግ ነው። ሚስቱ ጥላው የሄደች ጊዜ እንኳ ድምፁ እንዲህ አልተሰበረም ነበር ይላሉ የሚያውቁት። «ጉረኖው እንደተዘጋ ነው። መቀርቀሪያው እንኳ በቦታው ነው። ባሮን ግን የለም።»

«ትርኢቱ ላይ ለምን አልወሰዱትም?»

«በዚህ ሙቀት? ባሮንን?» ሮይስ ጥያቄውን እንደ ስድብ ቆጠረው። «ጥላ ስር ትቼው ሄድኩ። አገሩ ሁሉ ትርኢቱ ላይ ነው ብዬ። ከትላንት አንድ ደግ ነገር ቢኖር ውሃው ብቻ ነው። ዛሬ በመስኖ ቦዩ ይለቀቅልሃል ያሉኝ ውሃ፣ ሌላ ሰው ተራውን ስለተወ ትላንት ከሰዓት መጣልኝ።»

«ማን ይመስልዎታል?»

«አይመስለኝም፤ አውቃለሁ። ሴሚሲ ላቱ ነው። ዓርብ መጥቶ በሩን ጠገነ፣ የመክፈቻ ቁጥሩንም ቀየረው። አዲሱን ቁጥር ከእኔና ከእሱ በቀር እግዜር ብቻ ነው የሚያውቀው። አጥሩ አልተቆረጠም። ታዲያ ማን ከፍቶ ገባ?»

«ሲባጎውስ?»

«በመንገድ የሚያልፍ ሰው በሩ ክፍት ነው ብሎ እንዳይጠረጥር ነዋ። ብልጥ ሌባ ነው።»

ለብሮንዊን ይህ ነገር አሳማኝ መሰላት። ቆይታ ስታስበው ያፈረችው በዚህ ነው።

ስልኳ ጮኸ። የአውራጃው አዛዥ ነበሩ። «ሮይስ ደውሎልኛል። ለከንቲባውም ደውሏል። ለጳጳሱም ሳይደውል አይቀርም። የበር ጠጋኙን እስከ ማታ ክሰሺውና ሰዉ አርፎ ይተኛ።»

«በማስረጃ ነው በስልክ ጥሪ?»

«ሁለቱንም ብታገኚ ደስታዬ ነው» ብለው ዘጉት።

*

ሴሚሲ ላቱ በቤቱ ጓሮ፣ በተፈቱ ሞተሮች መሃል ተቀምጦ ስልኩን ያያል። ትልቅ ሰው ነው፤ ወንበሩ ያሳዝናል። ቶንጋ በተባለች የደሴት አገር ተወልዶ ኩራንጋ ያረጀ፣ በአካባቢው ያለውን ተንሸራታችና ተገፊ በር ሁሉ የሚያክም እሱ ብቻ ነው። ጉንዳን የበር ሞተር ሳጥን ውስጥ ቤት ሲሠራ፣ እንሽላሊት ሽቦ ላይ ተጠብሶ ሲሞት፣ የሚጠራው ሴሚሲ ነው። የሁሉንም በር የመክፈቻ ቁጥር ያውቃል። ሙያው የቆመው ደግሞ እዚያ ላይ ነው፤ ቁጥሩን በሚያውቅ ሰው ላይ አንዴ ጥርጣሬ ከገባ በሩን የሚያሳየው የለም።

«ተመልከቺ እህቴ» አለና ስልኩን ዘረጋላት። «የብርቱካን እርሻዎቹ፣ ‘አትምጣ’። የወተት ላሞቹ፣ ‘ለጊዜው አትምጣ’። ቄሱ ደግሞ ‘እየጸለይንልህ ነው፣ አትምጣ’።»

«ትላንት ከሰዓት የት ነበርክ?»

«ሥራ ላይ።»

«የማን በር?»

ከወጥ ቤቱ መስኮት ኋላ የድስት ድምፅ ቆመ። ሚስቱ ኦፋ የቤተ ክርስቲያኑን መዘምራን የምትመራ ሴት ናት፤ ትላንት ከሰዓት ልምምድ ነበራቸው፣ ሴሚሲም ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው እሱ ነው።

«የ... ሩቅ ሰው በር ነው።»

«ስም የለውም?» አለ ዴስ።

«አለው። ረሳሁት።»

ዴስ ብሮንዊንን አያት። የሚዋሽ ሰው ሲያዩ ሁለቱም ያውቃሉ፤ ይሄኛው ደግሞ ላብ እስኪያሰጥመው ነው የሚዋሸው። «ሴሚሲ» አለች ብሮንዊን ቀስ ብላ፣ «እስከ ማታ ሌላ መልስ ካላገኘሁ ይዤህ እሄዳለሁ።»

ሴሚሲ መስኮቱን ሰርቆ አየና «ውሰጂኝ» አለ። «እስር ቤቱ ይሻላል።»

*

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ኮል ብራኒጋን ነው። ሮይስ ባለፈው ወር ከሥራ ያባረረው፣ በመጠጥ ቤቱ በረንዳ ላይ «ባሮንን አርጄ ለውሻዬ ነው የምሰጠው» ብሎ የፎከረ ሰው። ዴስ በደስታ እጁን እያሻሸ ሄደ። ኮልን ያገኙት ግን ሶፋ ላይ፣ እግሩ ትራስ ላይ ተሰቅሎ ነው።

«እንጨት ፈለጣ ውድድሩ ላይ ነበርኩ» አለ ኮል። «በመጀመሪያው ምት የራሴን ጣት መታሁ። ቀኑን ሙሉ የቁስለኞች ድንኳን ውስጥ ተኝቼ ነው የዋልኩት። ነርሷን ጠይቋት። ሰዉ ሁሉ እየመጣ ፎቶ ያነሳኝ ነበር።»

«ውሻህስ?» አለ ዴስ።

«ውሻዬ በግ ይፈራል።»

ውጭ ሲወጡ ዴስ አስነጠሰ። «አለቃ፣ የቀረን አንድ ሰው ነው። ልቤ ግን እሺ አላለኝም። ያ ሰውዬ ፖሊስ አልፈራም። ሚስቱን ነው የፈራው።»

«የሮይስን ጎረቤት ሜርልን እንይና እንወስናለን» አለች ብሮንዊን። ሰዓቱ እየሮጠ ነው።

*

ሜርል ሃዝልዲን ከሮይስ እርሻ በመስኖ ቦዩ ማዶ ለማዶ ናት። ባሏ ከሞተ በኋላ በጎቹን ብቻዋን የምታረባ፣ ሰባ ዓመት አልፏት አሁንም ተጎታች ጋሪ እንደ ወጣት ወደ ኋላ የምትነዳ ሴት ናት። በትርኢቱ ላይ በጎችን የምትዳኘው እሷ ናት። ብሮንዊንን ከልጅነቷ ታውቃታለች፤ ብሮንዊን በዘጠኝ ዓመቷ ያቀረበችውን ጠቦት «እግሩ ጠማማ ነው» ብላ ያስለቀሰቻት እሷ ናት።

«ግቢ ልጄ። ያንን የሚያስነጥሰውንም አስገቢው።»

በረንዳው ላይ ሻይና ኬክ ቀረበ። የልብስ ማስጫው ገመድ ላይ የዳኝነት ነጭ ጋውኗ በነፋሱ ይወዛወዛል። ጫፉ አካባቢ ግራጫ ሰረዝ ቀርቷል።

«ትላንት የት ዋሉ ወይዘሮ ሜርል?»

«ትርኢቱ ላይ ነዋ። ጠዋት በጎቹን ዳኘሁ። ከሰዓት ኬክ ድንኳኑ። ማምሻውን ሽልማት ሰጠሁ። የማታልቅ ቀን ናት።»

«ስለ ባሮን ምን ይላሉ?»

«ጥሩ በግ ነው» አለች፤ ፊቷ ለአፍታ በራ። «ወገቡ ጠረጴዛ ነው። ጌታው ግን ልጄ... ጌታው ያው ሮይስ ነው። በር ሲያሠራ እንኳ ራሱ የሚከፈት ይላል። ወርዶ መክፈት ምን አለበት? እግር የተሰጠን ለምንድነው?» ኬኩን ወደ ዴስ ገፋች። «ያንን የቶንጋ ሰው አሰራችሁት አሉ?»

«ገና ነው።»

ሜርል ስኳሩን ረጅም ጊዜ አማሰለች። «ሚስቱ ጥሩ ትዘምራለች» አለች በመጨረሻ።

ሲወጡ የሚነዳው ዴስ ነበር። የሜርል በር የድሮ ነው፤ ከእንጨትና ከሽቦ የተሠራ፣ በመንጠቆ የሚያዝ። ዴስ ወርዶ ከፈተ፣ መኪናውን አሳለፈ፣ ጉዞውን ቀጠለ።

«አቁም» አለች ብሮንዊን።

«ምን አየሽ?»

«በሩን አልዘጋህም።»

«እኛ ፖሊሶች ነን አለቃ። የሰው ሕይወት ሊበላሽ ነው፣ እየቸኮልን ነው።»

«ተዘግቶ አገኘኸው፣ ዘግተኸው ትሄዳለህ። ክፍት ካገኘኸው ክፍት ትተወዋለህ። እዚህ አገር ልጅ መራመድ ሳይጀምር ይሄን ይማራል። በግ ከበግ እንዳይቀላቀል ነው።» የመኪናውን በር ከፍታ ወረደች፤ እንዳለ ትታው መሄድ አልቻለችም። አቧራው ውስጥ ሮጣ ሄዳ መንጠቆውን አስገባች። እጇ መንጠቆው ላይ እንዳለ ቀጥ ብላ ቆመች።

ዴስ በመስታወቱ አያት። ስትመለስ የምትራመደው ነገር እንደገባው ሰው ነበር።

«ዴስ፣ ሌባ በር የሚያስረው ለምንድነው?»

«ክፍት እንዳይመስል። ሮይስ ነግሮናል።»

«አይደለም። እኔ አሁን የወረድኩት ማን እንዳያይ ነው? እጄ እምቢ ስላለኝ ነው። ጉረኖውም ተዘግቶ ነበር። እዚያ በር ላይ ሲባጎ ያሰረው ሰው ክፍት ትቶ መሄድ ያልቻለ ሰው ነው። ወደ ሮይስ ንዳው። ለሴሚሲም ደውልለት፤ ዕቃውን ይዞ ይምጣ በለው።»

*

ሴሚሲ የሞተሩን ሳጥን ከፍቶ አንገቱን ነቀነቀ። ሮይስ እጁን አጣምሮ ከኋላው ቆሟል፤ ሰላም ማለት ይቅርና ዓይኑንም አላሳየውም።

«የውስጡ ጥርስ ተላልጧል» አለ ሴሚሲ። «ሞተሩ ባዶውን ነው የሚዞረው። ይሄ የሚሆነው በሩን በእጅ ሲገፉት ነው። ለአገሩ ሁሉ ነግሬያለሁ፤ አትግፉት፣ ራሱ ይሄዳል ብዬ። ማን ይሰማል?»

«ለመክፈት ነው የገፉት ለመዝጋት?»

ሴሚሲ የተሰበረውን ጥርስ በጣቱ ዳሰሰ። «ለመዝጋት።»

«ለምን? ራሱ አይዘጋም?»

«ትላንት ከሰዓት ያ የአቧራ ነፋስ ነበር። ይሄ ዓይኑ ነው፤ ሰው መሃል ላይ ካለ እንዳይጨፈልቅ የሚያየው። አቧራ ሲለብስ ሰው የቆመ ይመስለውና ክፍት እንደሆነ ይቀራል።»

«እሺ። አሁን ደግሞ ዋናውን ንገረኝ። ለመግባት ቁጥር ያስፈልጋል። ለመውጣትስ?»

ሴሚሲ መዳፉን ግንባሩ ላይ አጮለው። «ለመውጣት ምንም አያስፈልግም። ከመንገዱ ስር ሽቦ ተቀብሯል፤ መኪና ሲደርስበት ራሱ ይከፍታል። እኔም እንደ ሮይስ መግባቱን ብቻ ነበር የማስበው።»

«ማን ሳይገባ ይወጣል?» አለ ሮይስ በንዴት።

ብሮንዊን ሲባጎውን ፈታች። እጇን ብረቱ ላይ አድርጋ፣ ጉልበቷን ከታች ባለው ጥርሳም ሐዲድ ላይ አስደግፋ በሩን ገፋችው። ከባድ ነው፤ ግን ሄደ። ቀና ስትል ሱሪዋ ጉልበቱ ላይ ግራጫ ሰረዝ አለ፤ ያብለጨልጫል። በእጇ ብታራግፈው ጭራሽ ተስፋፋ።

«አትልፊ» አለ ሴሚሲ። «ግራሶ አይደለም፤ ግራሶ አቧራ ይሰበስባል። የእርሳስ ዱቄት ነው የምነሰንስበት። ልብስ ከያዘ ያዘ ነው። ኦፋ በዚህ ጉዳይ ስንት ቀን አኩርፋኛለች።»

ብሮንዊን ጉልበቷን አየች። ቀና ብላ ከቦዩ ማዶ ያለውን ቤት አየች። ከዚያ መሮጥ ጀመረች።

«የት ነው?» ብሎ ጮኸ ዴስ።

«ቦዩ ጋ።»

ከጉረኖው ጀርባ፣ ባሕር ዛፎቹ ነፋሱን በከለሉበት በኩል፣ የጎማ ምልክቱ ገና አልጠፋም። የፒካፕና የተጎታች ጎማ ነው። ከውሃው ውስጥ ወጥቶ ወደ ጉረኖው ይሄዳል። ከጉረኖው ተመልሶ ቦዩ ዳር ይደርስና ይቆማል፣ ይዞራል፣ ወደ ዋናው በር ያቀናል።

ዴስ እያስነጠሰ ደረሰ። «ከውሃ ውስጥ የሚወጣ መኪና?»

«ሲገባ ውሃ አልነበረም» አለች ብሮንዊን፤ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «ቦዩ ደረቅ ነበር፤ በዚህ በኩል ደግሞ አጥር የለም። ውሃው የሚለቀቀው ዛሬ ነው ተብሎ ነበር። በጉን እስኪጭን ድረስ ውሃው መጣበት። መመለሻ ጠፋ። በዋናው በር ከመውጣት ሌላ ምርጫ አልነበረውም።»

ሴሚሲ ከኋላ መጥቶ ምልክቱን ረጅም ጊዜ አየ። «እህቴ፣ ልናገር» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ትላንት ወንዙ ዳር ጥላ ውስጥ፣ መኪናዬ ውስጥ ተኝቼ ነበር። ልምምዱ ሰልችቶኝ። ኦፋን ሥራ አለኝ ብዬ ነው።»

«ለዚህ ብለህ ልትታሰር ነበር?»

«ከእስር ይፈታሉ» አለ ሴሚሲ።

*

ሜርል በረንዳው ላይ እንደተዉዋት ነበረች። ብሮንዊን ደረጃውን ሳትወጣ ወደ ልብስ ማስጫው ሄደች፤ ጋውኑን አውርዳ ጫፉን ከራሷ ጉልበት አጠገብ ያዘችው። ያው ሰረዝ፣ ያው ብልጭታ።

«አልለቀቀም አይደል?» አለች ሜርል። «ሁለቴ አጠብኩት።»

«ባሮን የት ነው?»

«ከበግ መሸለቻው ጎጆ ኋላ። ከሴቶቹ ጋር። ደስተኛ ነው፤ አትረብሹት።»

አብሯቸው የመጣው ሮይስ ይሄን ሲሰማ ወደዚያው ሮጠ። ብዙም ሳይቆይ የባሮን ድምፅ ተሰማ፤ በቁጣ ነበር።

«ልሰርቀው አልነበረም» አለች ሜርል፣ ሻዩን እየቀዳች። «የባሮን አያት የእኔ በግ ናት። ሁለት ዓመት ለመንኩት፤ ለጥቂት ቀን ለዘር ላክልኝ ብዬ። ባለፈው ዓመት ትርኢት ላይ በሰው ፊት ‘ያንቺ በጎች ለባሮን አይመጥኑም’ ብሎ ሳቀብኝ። እኔ፣ ዘር የማውቀው! ትላንት ዳኝነቴን ጨርሼ ሹልክ አልኩ። ለጥቂት ሰዓት፣ በደረቁ ቦይ አምጥቼ በደረቁ ቦይ ልመልሰው ነበር። ጌታው ሳያውቅ። ውሃው ነው ጉድ የሠራኝ።»

«ከዚያ በዋናው በር ወጡ።»

«ራሱ ተከፈተልኝ። ደነገጥኩ፤ ሰው አየኝ ብዬ። ከወጣሁ በኋላ ግን ጠበቅኩት፣ አልዘጋም አለ። ገፋሁት፣ እንደ አህያ ታገለኝ፣ ከዚያ አንድ ነገር ቋ አለ። ሲባጎ ከመኪናዬ አይጠፋም። አስሬው ሄድኩ።»

«ትተውት ቢሄዱ ኖሮ» አለ ዴስ፣ እውነት ሊገባው ፈልጎ፣ «ነፋሱ የከፈተው ይመስል ነበር። ማንም አይደርስብዎትም ነበር።»

ሜርል ልክ እንደ ሞኝ አየችው። «ክፍት አድርጌው? የሰውዬው ጠቦቶች መንገድ ላይ ወጥተው መኪና ይግጫቸው?»

ሴሚሲ እስካሁን ከመኪናው አጠገብ ቆሞ ነበር። አሁን ቀረበና ባርኔጣውን አወለቀ። «ወይዘሮ ሜርል፣ የዓርብ ሥራዬን ነው የሰበሩብኝ።»

«አውቃለሁ። ይቅርታ። በሩን ክፍት ትቼ መሄድ አልቻልኩም።»

«እኔን ግን ቻሉ።»

ሜርል ማንኪያውን አስቀመጠች። ብሮንዊን በልጅነቷ የፈራችው ያ ፊት መጀመሪያ ወደ ሻዩ፣ ከዚያ ወደ መሬት ወረደ። «ትላንት ማታ ስልኩን አንስቼ ነበር» አለች። «የፖሊስ ጣቢያውንም ቁጥር ጀምሬ ነበር።»

ሮይስ ባሮንን በቀንዱ ይዞ፣ ወይም ባሮን ሮይስን ይዞ፣ ብቅ አሉ። ብሮንዊን ስልኩን ከሮይስ ኪስ አውጥታ ሰጠችው። «ከትላንት ጀምሮ የደወሉላቸው ሰዎች አሉ። ለእያንዳንዱ መልሰው ይደውላሉ። እዚሁ፣ ሴሚሲ እየሰማ።»

«በጉን ማን ይያዝልኝ?»

«እኔ» አለ ሴሚሲ፣ ባሮንንም በአንድ እጁ ያዘው። በጉ ጸጥ አለ። «ከብርቱካን እርሻዎቹ ጀምር። ቄሱን ለመጨረሻ ተዋቸው፤ እየጸለዩ ነው።»

*

ሜርልን በፖሊስ መኪናው የኋላ ወንበር አስቀመጧት። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ባርኔጣዋን አስተካክላ፣ ከተማ ለገበያ እንደምትሄድ ሴት ቀጥ ብላ ተቀመጠች። በሩ ጋ ሲደርሱ ዴስ ሳይታዘዝ ወረደ። ከፈተ፣ መኪናውን አሳለፈ፣ ተመልሶ ዘጋ። አቧራውን ከጉልበቱ እያራገፈ፣ በራሱ ትንሽ እየኮራ ገባ።

ብሮንዊን ማርሽ ልታስገባ ስትል ከኋላ ድምፅ መጣ።

«መንጠቆው አልያዘም።»

ብሮንዊን በመስታወቱ አየች። እውነትም አልያዘም።

ዴስ ማንንም ሳያይ እንደገና ወረደ። ሜርል አንገቷን አዙራ፣ መንጠቆው ቀለበቱ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ዓይኗን ሳትነቅል ጠበቀች። ከግቢው ማዶ የሮይስ ድምፅ ይሰማል፤ «አይደለም፣ እሱ አይደለም፣ ተሳስቼ ነው» ይላል ለአንድ ሰው፣ ለሦስተኛ ጊዜ ይሁን ለአራተኛ። ሜርል ዞር አለችና እጆቿን ቦርሳዋ ላይ አጣመረች።

«አሁን ንጂ» አለች።